«ሽማግሌ ሆነህ መልስልኝ» አለኝ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የ36 ዓመት ሰው ነኝ። ባለትዳርና የአንዲት ሴት ልጅ አባት ነኝ። ጉዳዬ የጓደኛዬ ነገር ነው። አብረን ነው ያደግነው፤ ሲያገባም አንደኛ ሚዜው እኔ ነበርኩ። አሁን ሁለታችንም ሱማሌ ተራ የመኪና መለዋወጫ እንሸጣለን። የምንኖረውም አንድ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው፤ እኔ ሦስተኛ ፎቅ፣ እሱ ከኔ በላይ። ሚስቱን ይመታል። እኛ ብሎክ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ማታ ቴሌቪዥኑ በድንገት ሲጮህ ምን እየሆነ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሲጠጣ ነው እንጂ በደህናው ጊዜ ለሰው የሚራራ፣ እጁም የማይሰስት ሰው ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ከንፈሯን ሰነጠቀውና ልጆቿን ይዛ እህቷ ጋ ሄደች። አሁን «እሁድ ሽማግሌ ይዘህ ሂድና መልስልኝ፤ አንተን እምቢ አትልህም» ብሎኛል። ባለቤቴ ደግሞ «ብትሄድ አትፈርድብኝም ብለህ እንዳታስብ፤ እፈርድብሃለሁ» አለችኝ። ቅዳሜ ማታ ግሮሰሪ የምንገናኛቸው ጓደኞቻችን «በባልና ሚስት መሃል ምን ጥልቅ አደረገህ? ዝም ብለህ አስታርቅ» ይሉኛል። አንዱማ እየሳቀ «ወይስ አንተ ፈልገሃታል?» አለኝ። እኔ በሚስቴ ላይ እጄን አንስቼ አላውቅም። ልሂድ ወይስ ልቅር? ጓደኛዬንም ማጣት አልፈልግም።

ስሜ ይቆይ፣ ከጀሞ

መልስ

ወንድሜ፣ እሁድ አትሂድ። ቢያንስ እሱ ባሰበው መንገድ አትሂድ።

ሽምግልና ብዙ ደም ያደረቀ ወግ ነው፤ አልንቀውም። የተመታች ሴት ጉዳይ ላይ ሲደርስ ግን አካሄዱን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ሽማግሌዎቹ ይገባሉ። ቡና ይፈላል። «ጥፋቱ የሁለታችሁም ነው» ይባላል። «ግጭት የሌለበት ትዳር የለም፣ ለልጆችሽ ስትይ ቻይው» ይባላል። እሱ ተነስቶ የአማቱን ጉልበት ይስማል። እሷ ሻንጣዋን ታነሳለች። በዚህ ሁሉ መሃል «ለምን መታሃት?» ብሎ የሚጠይቀው አንድ ሰው አይገኝም። ከንፈሯ በራሱ ጊዜ የተሰነጠቀ ይመስል።

ጓደኛህ ከዚህ ምን ይማራል? ሚስቴን ብመታት ሁለት ሳምንት ቤቱ ይቀዘቅዝብኛል፣ ከዚያ ጓደኞቼ ሄደው ያመጡልኛል። በቃ፣ ይኸው ነው። ሒሳቡ ከከበደው ያቆማል፤ ካልከበደው ግን ለምን ያቆማል?

ደግሞ አንተን የመረጠህ በዋዛ አይደለም። ሚዜ ነህ። በአማራ ገጠር በብዙ ቦታ ሚዜ ለሙሽራዋ ወንድም ሊሆናት ይምላል፤ ባሏ ሲበድላት ደፍራ የምትነግረው ለእሱ ነው። ከተማ ስንገባ መሐላው ቀረና ሱፉና ፎቶው ብቻ ተረፈ። «አንተን እምቢ አትልህም» ያለህ እውነቱን ነው፤ ታምንሃለች። ያን እምነት ተጠቅመህ ወደ ተመታችበት ቤት እንድትመልሳት ነው የጠየቀህ። የሱ ሚዜ ብቻ እንዳልሆንክ ግን አስብበት።

«ሲጠጣ ነው» ያልከው ላይ ትንሽ ልቆይ። ቅዳሜ ማታ አብራችሁ ስትጠጡ አንተን በጥፊ መትቶህ ያውቃል? አስተናጋጁንስ? ወደ ቤት ሲመለስ ያስቆመውን ትራፊክ ፖሊስስ? አይመታቸውም። አራት ፎቅ ደረጃ ወጥቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ሪሞቱን አንስቶ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከጨመረ በኋላ ነው እጁን የሚያነሳው። ራሱን የሳተ ሰው ጎረቤት እንዳይሰማው ብሎ ድምፅ አይጨምርም። መጠጡ ነገር ያባብሳል፤ ሊታከምም ይገባዋል። ግን ጠርሙሱ ላይ አናሳብ።

አሁን ወደ ቅዳሜው ጠረጴዛ እንምጣ፤ የኔ እምነት ትልቁ ሥራህ ያለው እዚያ ነው።

በ2008 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ወንዶችንም ሴቶችንም አንድ ነገር ጠይቆ ነበር። ሚስት ምግብ ብታሳርር፣ ብትከራከር፣ ሳትናገር ከቤት ብትወጣ፣ ልጆቿን ችላ ብትል ወይም አብሬህ አልተኛም ብትል፣ ባል ቢመታት ተገቢ ነው? ከእነዚህ ቢያንስ በአንዱ «አዎ» ያሉት ወንዶች 28 በመቶ ነበሩ። ከዚያ በፊት በ2003 ዓ.ም. በተደረገው 45 በመቶ ነበሩ። ሴቶቹ ግን 63 በመቶ «አዎ» አሉ። የሴቶቹ ቁጥር ብዙ ያሳዝናል፤ ስንት ዓመት «ቻይው» ሲባሉ ኖረው ምን ይበሉ? ላንተ ግን የወንዶቹን ቁጥር ነው የማሳይህ። ለጠያቂ የሚነገረውና ቤት የሚሠራው ሁልጊዜ አንድ አይደለም፣ ይገባኛል። ቢሆንም ከአሥር ወንድ ሰባቱ በአፉ እንኳ «መምታት ልክ ነው» አይልም ማለት ነው። ታዲያ ጠረጴዛችሁ ላይ «ሴትና አህያ ዱላ ይወዳሉ» ሲባል ሁሉም ለምን ይስቃል? እያንዳንዱ ሌላው የሚስማማ ስለሚመስለው ነው። አንተ ብቻህን የቀረህ መስሎህ ትስቃለህ። ጎንህ ያለውም እንዲሁ። ጓደኛህ ደግሞ ሳቁን ይቆጥረዋል።

ስለዚህ «እጄን አንስቼ አላውቅም» ያልከውን ለኔ ሳይሆን እዚያ ተናገረው። ንግግር አድርግ አላልኩህም፣ ሰባኪ አትሁንባቸው። ቀልዱ ሲመጣ አትሳቅ። «ይቺን እንኳን ተዋት፣ አታስቅም» በል። አንድ ሰው እንዲህ ሲል ሌላው አፉን ይፈታል፤ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ቢያንስ አንዱ ወደ ቤት ስትሄዱ ጠጋ ብሎ «ልክ ብለሃል» ይልሃል። ያን ሰው ያዘው፣ ለኋላ ይጠቅምሃል።

«ፈልገሃታል?» ያለህን ልጅ በተመለከተ። ይቺ ጥያቄ ስንቱን ደግ ሰው አፉን አስይዛለች! ሴት ልጅ ያለ ጥቅም የሚያዝንላት ወንድ የለም ብሎ የሚያስብ ሰው ጥያቄ ናት። መልሷ ቀላል ነው። «ሚዜዋ ነኝ። እህትህ ብትሆን ማን እንዲናገርልህ ትፈልጋለህ?» ብለህ ወሬውን ቀይር፤ አትቆጣ፣ አትማል። ለጥንቃቄም ለጥሩ ስምም ሲባል ግን ብቻህን አታግኛት። ባለቤትህ አለችልህ፤ ከጻፍከው እንደገባኝ ካንተ ይልቅ ነገሩ ቀድሞ ገብቷታል።

የመጀመሪያው ስልክም የባለቤትህ ይሁን። ትደውልና ትጠይቃት፦ ሽማግሌ ትፈልጊያለሽ ወይ? መመለስ ትፈልጊያለሽ ወይ? አሁን ምን ያስፈራሻል? ምን ይጎድልሻል? ምክር ሳይሆን ጥያቄ ይሁን። በዚያው ጥናት አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች 66 በመቶዎቹ እርዳታም አልጠየቁም፣ ለማንም አልተናገሩም። ይቺ ሴትዮ ግን ልጆቿን ይዛ ወጥታለች። ብዙዎች የማይደርሱበትን እርምጃ ወስዳለችና ሰው ሄዶ ወደኋላ አይጎትታት። «ሽማግሌ አልፈልግም» ካለች ነገሩ እዚያ ያበቃል። ለሱ «አልሄድም» ትለዋለህ። «እሷ አልፈለገችም» ግን አትበለው! «እኔ አልሄድም» በለው። ልዩነቱ ለሷ ደኅንነት ነው።

ይህን አጥብቄ የምነግርህ ምክንያት አለኝ። ሴት ከቤት ከወጣች በኋላ ያለው ጊዜ አደገኛ ነው። የሚመታ ሰው የሚያዘው ነገር ከእጁ ሲወጣ ይብስበታል። ስለዚህ እሷ ያለችውን፣ የት እንደምትውል፣ ልጆቹ በየት በኩል ወደ ትምህርት ቤት እንደሚሄዱ ከአፍህ እንዳይሰማ። መልእክትም አታመላልስ። ደግሞ ወንድነት ይዞህ «እኔም ላቅምሰው» እንዳትል። የተዋረደበትን ነገ የሚያወራርደው በሷ ላይ ነው።

ከሱ ጋር የምትነጋገረው ቀን ላይ፣ መጠጥ በሌለበት፣ ሁለታችሁ ብቻችሁን ስትሆኑ ነው። ሱቅ ውስጥ ደንበኛ እየገባ እየወጣ አይሆንም። ምሳ ውሰደው። ብዙ አትዙር። እኔ ብሆን እንዲህ እለዋለሁ፦

«ወንድሜ ስለሆንክ ነው የምነግርህ። ቴሌቪዥኑን ከፍ ስታደርገው ታች ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ልጄም ትሰማለች። ሽማግሌ ሆኜ አልመልስልህም። ሚስትህን መምታት እንድታቆም ነው የምፈልገው። ለማቆም ከቆረጥክ አብሬህ ነኝ።»

ከዚያ ዝም በል። ዝምታው ከባድ ነው፣ ቻለው።

የሚመልስልህን ከሞላ ጎደል ልገምት እችላለሁ። «ምን ብላ ነገረችህ?» ይላል። አንተ በጆሮህ የሰማኸውንና በዓይንህ ያየኸውን ብቻ ተናገር፣ ሌላ ምንም። «የሷን አፍ አታውቀውም» ይላል። «ሊሆን ይችላል፤ ሚስቴም አፍ አላት፤ እኔም አለኝ» በለው። ከዚያ ምናልባት ያለቅስ ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙ ወንድ ይሸነፋል። ጓደኛው ሲያለቅስ አንጀቱ ይበላና «በቃ እሺ፣ እኔ አናግራታለሁ» ይላል። አትበል። እንባው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ባለፈው ጊዜም እውነት ነበር። «ታዲያ ምን ልታደርግ ነው?» ብለህ ጠይቀው። መጠጡን ለመተው ሐኪም ጋ ይሄዳል? የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያነጋግራል? የሚፈራው የንስሐ አባት አለው? (ለሷ «ታገሺ» የሚሉትን ሳይሆን እሱን የሚቆጡትን ማለቴ ነው።) እሷ እህቷ ጋ እያለች ለልጆቹ ወጪ ይልካል? እንድትመለስ ሳይጎተጉታት ስንት ጊዜ መቆየት ይችላል? የሚያቆም ሰው እሷ ሳትመለስም ያቆማል። «መጀመሪያ ትመለስና» የሚል ከሆነ ገና አልጀመረም።

እሷ ራሷ «ሽማግሌ ይግባ» ካለችስ? ያኔ ሂድ። ግን ሽማግሌዎቹን እሱ ብቻ አይምረጥ፤ እሷም የምታምናቸውን ታስመጣ፣ ሴቶችም ይኑሩበት። እሱ በገዛ አፉ «መታኋት» ይበል። «ተጋጨን»፣ «ሰይጣን ገባ» የሚለውን አትቀበሉት። የዚያን ቀን እሷ ሻንጣ አታንሳ፤ ባለችበት ትቆይ። እናንተም አስታርቃችሁ የምትጠፉ አትሁኑ፤ በየወሩ ተመለሱ። ሌላ ቀን ቢደግመው ደግሞ ፖሊስ ጋ ምስክር ሆናችሁ እንደምትቀርቡ በፊቱ ንገሩት። ይህን ሲሰሙ ከሽማግሌዎቹ አንዳንዶቹ «ሥራ አለብን» ብለው ቢቀሩ አይግረምህ።

ሕጉን በአጭሩ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸም ጉዳት እንደ ማንኛውም ሰው መምታት የሚያስቀጣ መሆኑን ይናገራል። «የቤት ጉዳይ» የሚባል ነገር እዚያ የለም። ግን አንድ ወጥመድ አለ። ቀላል የአካል ጉዳት በተጎጂዋ አቤቱታ ነው የሚታየው፤ አቤቱታው ደግሞ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። «ትንሽ ጠብቂ፣ በሽማግሌ ይያዝ» እየተባለ ስንት ሴት ቀኑ እንዳለፈባት አስብ። ሽምግልናው ቢኖርም ባይኖርም፣ ካሁኑ ጤና ተቋም ሄዳ የሕክምና ማስረጃ ትያዝ። አዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ውስጥ ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶችና ሕጻናት ሕክምናውንና የሕጉን ሥራ አንድ ላይ የያዘ ማዕከል አለ። የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማህበር በ7711 ነጻ የሕግ ምክር ይሰጣል። መፋታት ብትፈልግም በራሷ ፍርድ ቤት መጠየቅ ትችላለች። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጊዜ ነው ፍቺ በቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች እጅ የነበረው፤ አዲስ አበባ የሚሠራበት የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ያን ለውጦታል። ይህን የምጽፍልህ አንተ እንድትወስንላት አይደለም። ባለቤትህ ትንገራት፤ የምታደርገውን እሷ ታውቃለች።

ብትመለስና አንድ ማታ ያ ቴሌቪዥን እንደገና ቢጮህስ? አንኳኳ። ሕንድ አገር በ2008 እ.ኤ.አ. የተጀመረ አንድ ዘመቻ ነበር፤ ወንዶች ከጎረቤት ቤት ዱላ ሲሰሙ ሄደው ደውሉን እንዲደውሉ የሚያበረታታ። በማስታወቂያው ላይ የሚታዩት ሰዎች ጀግና አይሆኑም። አንዱ ወተት ይጠይቃል፤ ልጆቹ የገባችባቸውን ኳስ ይጠይቃሉ። ነገሩ ወተቱ አይደለም፤ ሰው እንደሰማው ያውቃል፣ እጁም ይቆማል። አንተም ከባለቤትህ ወይም ከሌላ ጎረቤት ጋር ሆነህ ውጣና «ስኳር አለቀብን» በል። ብቻህን አትግባ። ስለት ወይም የሚያሰጋ ጩኸት ካለ ስኳሩን ተወውና 991 ደውል።

ወንድ ልጅ ይለወጣል ወይ ብለህ ባትጠይቀኝም ሐሳብህ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። የዓለም ጤና ድርጅት በበርካታ አገሮች ባስጠናው ጥናት ውስጥ ቡታጅራና አካባቢዋ ነበሩበት፤ በሕይወታቸው ከባል አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶብናል ያሉት ሴቶች 71 በመቶ ሆኑ። ከተጠኑት ቦታዎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር። ከዓመታት በኋላ እዚያው ጉራጌ አካባቢ በ64 መንደሮች አንድ ሙከራ ተደረገ። በአንዳንዱ መንደር ሴቶች፣ በአንዳንዱ ወንዶች፣ በሌላው ባልና ሚስት አንድ ላይ እየተሰበሰቡ ቡና እየጠጡ 14 ጊዜ ስለ ትዳር፣ ስለ ጠብና ስለ ጤና ተወያዩ። ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ሲታይ ወንዶቹ በተወያዩባቸው መንደሮች ሴቶች ከባሎቻቸው የሚደርስባቸው ወሲባዊ ጥቃት ቀንሶ ተገኘ። ዱላው ላይ እንዲያ ያለ ግልጽ ለውጥ አልታየም። ተአምር አይደለም ለማለት ነው። ግን የሚገርመኝ፣ ለውጡን ያመጣው ቅጣትም ስብከትም ሳይሆን ወንዶች እርስ በርሳቸው እንዲያወሩ መደረጉ ነው። ቡና ጠጥተን ስለ ፖለቲካ፣ ስለ ኳስ፣ ስለ ዶላር ምንዛሪ ሦስት ሰዓት እናወራለን። ሚስታችንን ሰላም እንዴት እንዳሳደርናት ስናወራ ሰምተህ ታውቃለህ?

ጓደኛዬን ላጣው ነው ወይ? ልታጣው ትችላለህ፣ አልዋሽህም። ሊያኮርፍህ፣ ሱቅህ ፊት ለፊት አልፎህ ሊሄድ፣ ስላንተ መጥፎ ሊያወራ ይችላል። አንተ ግን ሰላምታህን አታቋርጥ። በዓል ሲመጣ ደውልለት። ሲያገግም የሚመለስበት አንድ ሰው ያስፈልገዋል፤ የሚያሞካሹት ሞልተውለታል። ምናልባት ስድስት ወር ቆይቶ ይመጣል፣ ምናልባትም አይመጣም።

እሁድ ሩቅ አይደለም። ባለቤትህ ዛሬ ማታ ትደውልላት፣ ቁጥሮቹንም ትስጣት። አንተ ደግሞ ለሐሙስ ምሳ ቅጠረው። «አልሄድም» የሚለውን ከሌላ ሰው ሳይሆን ካንተ ይስማው።